ተመልሳ የመጣች መንኮራኩር የምትናገረው

ኤፕሪል 14 ቀን 1981 በካሊፎርኒያው የኤድዋርድስ አየር ኃይል ሰፈር፣ ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ አርፋ ቆመች። አዛዡ ጆን ያንግ ከመሰላሉ ሲወርድ ደስታው መደበቅ የሚችለው ዓይነት አልነበረም። ጠፈርን ከዚያ በፊት በአራት ጉዞዎች ያየ፣ በ1972 በጨረቃ ላይ የተራመደ ሰው ነው። መሬት እንደረገጠ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር በመንኮራኩሯ ሥር እየተዘዋወረ ሆዷን መመርመር ነበር።

የሚያየው ሴራሚኮቹን ነው። ኮሎምቢያ ከጠፈር ስትመለስ ከፊቷ ያለውን አየር በኃይል ስለምትጨምቀው ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚደርስ ሙቀት ይገጥማታል። ገላዋ ደግሞ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ከመቅለጥ የሚያድናት በላይዋ አንድ በአንድ የተለጠፉት ከ30,000 በላይ ቀላል የሲሊካ ሴራሚኮች ናቸው። መሐንዲሶቹ ቆጥረው ሲጨርሱ 16ቱ ጠፍተው፣ 148ቱ ተጎድተው ተገኙ። አብዛኞቹ የጠፉት ሙቀቱ ያን ያህል በማይበረታበት ከጅራቷ አጠገብ ስለነበር ሁለቱ ጠፈርተኞች፣ ያንግና ረዳቱ ሮበርት ክሪፐን፣ ጤናቸው ሳይጓደል ገቡ።

ይህ ደጋግመው የሚበሩ መንኮራኩሮች ትልቁ ጥቅማቸው ምንድን ነው የሚለውን ክርክር ለመረዳት የምመርጠው መነሻ ነው። ደጋግመው የሚበሩ መንኮራኩሮች ሰው ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ ዜናው ሁልጊዜ ስለ መነሣቱ ነው፤ እሳቱ፣ ጭሱ፣ ወደ ኋላ የሚደረገው ቆጠራ። ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ ስለ ገንዘብ ነው፤ ስንት ተቆጠበ፣ ስንት ቀነሰ። እኔ ግን ደጋግሞ የሚበር መንኮራኩር ትልቁ ስጦታ ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። ተመልሶ ይመጣል። ሲመለስም የደረሰበትን ሁሉ በገላው ላይ ይዞ ነው። አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚቃጠል ሮኬት የሆነውን ነገር ሁሉ ይዞት ይጠፋል፤ የተመለሰው ግን በእጅ ይዳሰሳል። ላለፉት 40 ዓመታት በዚህ ዘርፍ የተገኘው ደኅንነትም ሆነ የደረሰው ሐዘን የተመለሰው ነገር የተናገረውን ከመስማትና ካለመስማት ጋር የተያያዘ ነው። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ። በእኛ ኮሎምቢያ የተነሣችው ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ዩሪ ጋጋሪን ጠፈር በወጣ ልክ በ20ኛ ዓመቱ።)

ኮሎምቢያን «የመጀመሪያዋ» ስንል ምህዋር የገባችውን ማለታችን ነው። ጆ ዎከር በ1963 ኤክስ-15 የተባለውን የሮኬት አውሮፕላን እያበረረ ሁለት ጊዜ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቷል። ያ ግን ሽቅብ ወጥቶ መመለስ ነበር፤ ምድርን መዞር አልነበረም። ምህዋር ለመግባት በሴኮንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ያስፈልጋል። ሲመለሱም ያ ፍጥነት ሁሉ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከኮሎምቢያ በፊት አሜሪካ ሰው ያሳፈረችባቸው መንኮራኩሮች ሁሉ መጀመሪያ ባዶአቸውን ተሞክረዋል። ኮሎምቢያ ግን አንድም ጊዜ ባዶዋን ወደ ጠፈር ሳትላክ ሰው ይዛ ወጣች። በ1977 ኢንተርፕራይዝ የተባለችው እህቷ ከአውሮፕላን ጀርባ እየተለቀቀች ማረፍን ተለማምዳለች፤ ከጠፈር መመለስን ግን ማንም አልሞከረውም። መንኮራኩሯ ስትሠራ ሰው እንዲያሳርፋት ታስባ ነው፤ የማረፊያ ጎማዋን እንኳ የሚያወርደው አብራሪው ነበር። ለሁለቱ ሰዎች ተወርውረው የሚወጡበት ወንበር ተገጥሞላቸዋል። ጠጣር ነዳጅ የሚያነዱት ሁለቱ ሮኬቶች አንዴ ከተለኮሱ ግን ማጥፊያ የላቸውም።

ሙከራው ገና ከመሬት ሳይነሣ ሰው በልቷል። ማርች 19 ቀን 1981 በዝግጅት ልምምድ ወቅት ናይትሮጅን ወደሞላው የመንኮራኩሯ የኋላ ክፍል የገቡ ሠራተኞች አየር አጥሯቸው ወደቁ። አንዱ በዚያው ቀን፣ ሌላው ከቀናት በኋላ ሕይወታቸው አለፈ። የመጀመሪያ በረራ ታሪክ ሲነገር የእነዚህ ሰዎች ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሊዘለል የሚገባው አይመስለኝም።

ስትነሣ የሆነውን ደግሞ ያወቁት በኋላ ነው። ሁለቱ ሮኬቶች ሲለኮሱ የፈጠሩት የግፊት ማዕበል ከተሰላው እጅግ በልጦ መሬት ላይ ነጥሮ ተመለሰ፤ በጅራቷ ሥር ያለውን ስታርፍ ሚዛን የሚጠብቅላትን ሰፊ ክንፍ መሰል ክፍልም ከሚችለው በላይ ገፋው። ያ ክፍል ሥራውን ቢያቆም ኖሮ በመመለሻው ሰዓት መንኮራኩሯን መቆጣጠር የማይቻል ሊሆን ይችል ነበር። ያንግ በኋላ እንደተናገረው፣ በዚያች ደቂቃ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ወንበሩን አስወርውሮ ይወጣ ነበር። ከሁለተኛው በረራ በፊት ማስነሻው ላይ ግፊቱን የሚያበርድ የውኃ ሥርዓት ተሻሻለ። መንኮራኩሯ ተመልሳ ስለመጣች፣ የመዘገበችውም ስለተነበበ የመጣ ማሻሻያ ነው።

ኖቬምበር 12 ቀን 1981 ኮሎምቢያ እንደገና ተነሣች። ሰው ይዛ ከምህዋር የተመለሰች መንኮራኩር ዳግም ወደ ምህዋር ስትወጣ የዓለም የመጀመሪያዋ ናት። በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰባት ወር አለፈ። መጀመሪያ ሲታሰብ ሹትል የሚባሉት ኮሎምቢያና እህቶቿ በዓመት ብዙ ደርዘን ጊዜ ይበራሉ ተብሎ ነበር፤ ከፍተኛው ግን በ1985 የተደረጉት ዘጠኝ በረራዎች ሆነው ቀሩ። አንዲት ሹትል ተነሥታ ተመልሳ እንደገና እስክትነሣ የወሰደው አጭሩ ጊዜ 54 ቀን ነው፤ እሱም በዚያው ዓመት የአትላንቲስ ነበር። ምክንያቱ አያስገርምም። የሴራሚኮቹ ቅርጽ እርስ በርሱ የተለያየ ነው፤ እያንዳንዳቸው በእጅ ይፈተሻሉ። ሞተሮቹ ወርደው ይመረመራሉ። ትልቁ የነዳጅ ታንከር ደግሞ በየበረራው ይጣላል። የፕሮግራሙ ወጪ ሁሉ ለ135ቱ በረራዎች ቢካፈል ለእያንዳንዱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይደርሳል። ሹትል ርካሽ ይሆናል የተባለው ተስፋ አልሠራም፤ ይህን የሚክድ የለም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ከሹትሏ ጎን የሚገጠሙት ሁለቱ ሮኬቶች ነዳጃቸውን ጨርሰው በፓራሹት ባሕር ላይ ይወድቃሉ፤ መርከብ ሄዶ ይጎትታቸዋል፤ ተፈትተው ይታያሉ። እነዚህ ሮኬቶች በክፍል በክፍል ተሠርተው የሚገጣጠሙ ናቸው። በመገጣጠሚያቸው ላይ የእሳቱ ጋዝ እንዳያመልጥ የሚዘጉ ሁለት የጎማ ቀለበቶች አሉ። የጋራዥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኦሪንግ ማለት ነው። በኖቬምበሩ ሁለተኛ በረራ የተመለሰው ሮኬት ሲፈታ አንዱ ኦሪንግ በጋዝ ተበልቶ ተገኘ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በእጅ የተያዘው ያኔ ነው። ቻሌንጀር የተባለችው ሹትል ከመጥፋቷ ከአራት ዓመት በላይ ቀድሞ።

አንድ መካኒክ የተበላ ኦሪንግ ካገኘ ቀይሮ ብቻ አይሄድም፤ ለምን እንደተበላ ይጠይቃል። እዚህ ግን ቀስ በቀስ የሆነው ሌላ ነው። ኦሪንጎቹ በተከታዮቹ ዓመታት ደጋግመው ተበልተው ተመለሱ። በረራው በሰላም ስላለቀ መበላቱ «የሚጠበቅ» ተብሎ ተያዘ። በጃንዋሪ 1985 በብርድ የተነሣ በረራ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ይዞ ሲመለስ ሮኬቱን በሚሠራው በሞርተን ታይኮል ኩባንያ የነበረው መሐንዲስ ሮጀር ቦይዝጆሊ ብርዱ ጎማውን እንደሚጎዳ ጠረጠረ፤ ችግሩ ካልተፈታ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል ብሎም በዚያው ዓመት ለአለቆቹ በጽሑፍ አስጠነቀቀ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ሌሊት እሱና ባልደረቦቹ በረራው እንዲቆም ተከራከሩ፤ አልተሳካላቸውም። በማግስቱ ቻሌንጀር በረዶ በተጋገረበት ማስነሻ ላይ ተነሥታ በ73ኛው ሴኮንድ ሰባት ሰዎች ይዛ ጠፋች፤ አንዷ የትምህርት ቤት መምህርት ክሪስታ ማኮሊፍ ነበረች።

ይህን ታሪክ ሳስብ የሚከብደኝ ማስረጃው አለመጥፋቱ ነው። ማስረጃው ከባሕር እየተጎተተ፣ እየተፈታ፣ ፎቶ እየተነሣ፣ እየተቆጠረ ቀርቦ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ።

ሁለተኛውም አደጋ እንዲሁ ነው። ከትልቁ ታንከር ላይ ቅዝቃዜ እንዲጠብቅ የሚለበጠው ፎም ከመጀመሪያው በረራ አንሥቶ እየተፈነቀለ ሴራሚኮቹን ይመታ ነበር። በዲሴምበር 1988 አትላንቲስ ስትመለስ ከ700 በላይ ሴራሚኮች ተጎድተው ነበር፤ ያኔ የመታት ከአንዱ ሮኬት ጫፍ የተላጠ መከላከያ ነው። አንዱ ሴራሚክ ጭራሹኑ አልነበረም። የጠፋው ሴራሚክ ሥር የአንቴና መያዣ ወፍራም ብረት ባይኖር ኖሮ እሳቱ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። አዛዡ ሁት ጊብሰን ገና ምህዋር ላይ ሳለ በካሜራ ያየውን አይቶ እንደሚሞቱ ደምድሞ ነበር። ፎሙ ግን ቀጠለ። ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ከአንድ ኪሎ በታች የሚመዝን የፎም ቁራጭ የኮሎምቢያን የግራ ክንፍ የፊት ጠርዝ መታ። መሐንዲሶች ከምህዋር ላይ ፎቶ እንዲነሣላቸው ጠየቁ፤ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ስትመለስ ያቺው ጆን ያንግ ከሥሯ እየተዘዋወረ ያያት ኮሎምቢያ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ከሰባቱ አንዱ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን ነበር፤ በእስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችን በስሙ የተሰየሙ ቦታዎችን ያውቋቸዋል።

ሹትሎቹ በጁላይ 2011 ሲቆሙ አሜሪካ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ጠፈርተኞቿን በሩሲያ ሶዩዝ ላይ ወንበር እየገዛች አሳፈረች። ናሳ በ2014 ለሁለት ኩባንያዎች ውል ሰጠ፤ ለቦይንግ 4.2 ቢሊዮን፣ ለስፔስኤክስ 2.6 ቢሊዮን ዶላር። ሁለቱም ደጋግሞ የሚበር ካፕሱል እንዲሠሩ ነው። እነዚህ ከሹትል ይልቅ ሰው ወደ ጨረቃ ላደረሱት ለጥንቶቹ አፖሎዎች የቀረቡ ናቸው፤ ክንፍ የላቸውም፣ በፓራሹት ይወርዳሉ፣ ከሮኬቱ ጫፍ ላይ ስለሚቀመጡም ከላይ የሚወድቅባቸው ፎም የለም። ሮኬቱ ቢፈነዳ ካፕሱሉን ገንጥሎ የሚያመልጥ ሞተርም አላቸው።

የስፔስኤክሱ ድራጎን ማርች 2 ቀን 2019 ሰው ሳይዝ ተነሥቶ፣ ጠፈር ጣቢያ ደርሶ፣ ማርች 8 ተመለሰ። ሁሉም መልካም መሰለ። ኤፕሪል 20 ቀን ያው ከጠፈር የተመለሰው ካፕሱል ለሌላ ሙከራ መሬት ላይ ተይዞ የማምለጫ ሞተሮቹ ሊለኮሱ ሲሉ ፈንድቶ ተበታተነ። ምርመራው ያገኘው ይህን ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያሳልፍ የተሠራ ቫልቭ ጥቂት ኬሚካል ወደ ሂሊየም ቱቦ አሾልኳል፤ ሂሊየሙ በከፍተኛ ግፊት ሲለቀቅ ያ ፈሳሽ ከቲታኒየም ቫልቭ ጋር ተላትሞ እሳት አስነሣ። ቫልቮቹ ግፊት ሲበረታ በሚቀደዱ ዲስኮች ተተኩ። ካፕሱሉ አንድ ጊዜ በርሮ የሚጣል ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን በሙከራው ቦታ ባልተገኘ። ጉድለቱ ማንም ሳይሞት የተገኘው የተመለሰውን መልሰው ስለሞከሩት ነው።

ሜይ 30 ቀን 2020 ደግ ኸርሊና ቦብ ቤንኪን በድራጎን ተነሡ፤ ከሦስት ቀን በፊት አየሩ ስላልፈቀደ ቀርተው ነበር። ማስነሻው ኮሎምቢያ የወጣችበት ያው 39ኤ ነው። ኸርሊ የመጨረሻዋን ሹትል ካበረሩት አንዱ ሲሆን ካፕሱሉን «ኢንዴቨር» ብለው ሰየሙት። ኦገስት 2 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ፔንሳኮላ አጠገብ አረፉ። ካፕሱሉ ሲመረመር የሙቀት መከላከያው ከታሰበው በላይ የተበላባቸው ጥቂት ቦታዎች ተገኙ፤ ካፕሱሉ ከኋላ ክፍሉ ጋር በሚታሰርባቸው ነጥቦች ዙሪያ ነበር። ለሰዎቹ አደጋ አልነበረም፤ ሁለቱም በሰላም ገብተዋል። በሹትሎቹ ዘመን በነበረው ልማድ ቢሆን «በሰላም ገቡ፣ ስለዚህ ደኅና ነው» ይባል ነበር። ከሚቀጥለው በረራ በፊት ቦታው ይበልጥ በሚበረታ ቁስ ተተካ። ያው ኢንዴቨር ኤፕሪል 23 ቀን 2021 አራት ሰዎች ይዞ ተመልሶ ወጣ። ከአራቱ አንዷ የቤንኪን ባለቤት ሜጋን ማካርተር ነበረች፤ የተቀመጠችውም ባለቤቷ በተቀመጠበት ወንበር ነው።

ቦይንግ ስታርላይነርን ሰው ሳይጭን የሞከረው ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ነው። ቀኑ ለእኛም የታሪክ ቀን ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ከቻይና ተተኮሰች፤ በእንጦጦ የተሰበሰቡ ሰዎችም በቀጥታ ተከታተሉት። ከሰዓታት በኋላ በፍሎሪዳ ስታርላይነር ተነሣ፤ ሰዓቱን በ11 ሰዓት አሳስቶ ይዞ ስለነበር ጠፈር ጣቢያ መድረስ ሳይችል ቀረ። ሁለተኛው ባዶ ሙከራ በሜይ 2022 ተሳካ።

ጁን 5 ቀን 2024 ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊልያምስ ለስምንት ቀን ያህል ተብሎ በስታርላይነር ወጡ። ወደ ጣቢያው ሲጠጉ ከ28ቱ አነስተኛ የአቅጣጫ ሞተሮች አምስቱ ሥራ አቆሙ፤ ሂሊየምም ይሾልክ ነበር። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስታርላይነር «ደጋግሞ የሚበር» ይባላል፤ ግን የሚመለሰው ሰዎቹ የሚቀመጡበት ካፕሱል ብቻ ነው። የተበላሹት ሞተሮች ያሉበት የኋላ ክፍል ከመመለሱ በፊት ይገነጠልና በአየር ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ችግሩን በእጃቸው ሊይዙት አይችሉም። በኒው ሜክሲኮ ተመሳሳይ ሞተር መሬት ላይ እያነደዱ መገመት ነበረባቸው፤ በሙቀት ያበጠ የቴፍሎን ማሸጊያ የነዳጁን መንገድ እንደሚያጠብ ያዩት በዚያ ነው። ጠፈር ላይ ባለው ሞተር ውስጥ የሆነው ያው መሆኑን ግን ፈትቶ የሚያረጋግጥ ሰው አልነበረም።

ናሳ ኦገስት 24 ቀን ሰዎቹ በስታርላይነር እንዳይመለሱ ወሰነ። በወቅቱ የድርጅቱ የበላይ ኃላፊ የነበረው ቢል ኔልሰን ውሳኔውን ሲያስረዳ ሁለቱን የጠፉ ሹትሎች አንሥቷል፤ ያኔ የሚያውቁ ሰዎች የሚሉት ወደ ላይ እንዳይደርስ የሚያደርግ ባህል ነበር አለ። ኔልሰን ይህን ሲል ከሩቅ ሰምቶ አልነበረም፤ በጃንዋሪ 1986 ቻሌንጀር ከመጥፋቷ ጥቂት ቀናት በፊት በኮሎምቢያ ላይ በርሮ የተመለሰ ሰው ነው።

ካፕሱሉ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ባዶውን ተመልሶ በኒው ሜክሲኮ በረሃ በኤርባጎቹ ላይ በሰላም አረፈ። ያኔ «ሰዎቹ ቢሳፈሩበት ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? ያለ ምክንያት ነው ያስቀሯቸው» የሚል ክርክር ተነሣ፤ እስካሁንም የሚያነሱት አሉ። ዊልሞርና ዊልያምስ እስከ ማርች 18 ቀን 2025 ድረስ ዘጠኝ ወር ተኩል ያህል ስለቆዩ ሐሳቡ ለብዙዎች ይማርካል። እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ይህ ክርክር ኦሪንጎቹ ተበልተው ሹትሉ በሰላም ሲያርፍ ይባል የነበረው ራሱ ነው። በሰላም ማረፉ የሚያሳየው በዚያ ቀን አለመውደቁን ብቻ ነው። ሞተሮቹ ለምን እንደቆሙ አያስረዳም። በኖቬምበር 2025 ናሳና ቦይንግ ቀጣዩ የስታርላይነር በረራ ጭነት ብቻ ይዞ እንዲሄድ ተስማሙ፤ ይህም የዚያው ጥንቃቄ ቅጥያ ነው።

አሁን ዓይን ሁሉ ያረፈው በስታርሺፕ ላይ ነው። ከ120 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሁለቱም ክፍሎቹ እንዲመለሱ ተደርገው የተሠሩ የስፔስኤክስ መንኮራኩር ነው። የታችኛው ሮኬት ኦክቶበር 13 ቀን 2024 በማስነሻው ማማ ክንዶች አየር ላይ ተያዘ፤ በሜይ 2025 ደግሞ አንድ የተመለሰ ሮኬት እንደገና በረረ። ሰው የሚሳፈርበት የላይኛው ክፍል ግን እንደ ሹትሎቹ በሴራሚክ የተሸፈነ ነው፤ ወደ 18,000 የሚሆኑ ባለ ስድስት ጎን ሴራሚኮች አሉበት። እንደ ድራጎን ተገንጥሎ የሚያመልጥ ካፕሱል የለውም። ኩባንያው በአንዳንድ በረራዎች ሆን ብሎ ሴራሚክ እያነሣ ምን እንደሚሆን ሞክሯል። ይህ የሚመሰገን ድፍረት ነው፤ ባዶ ሆኖ እየተጎዳ መማር፣ ኮሎምቢያ ያላገኘችው ዕድል ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። እስከ 2025 መጨረሻ በተደረጉት 11 የሙከራ በረራዎች የላይኛው ክፍል ከነሴራሚኩ ወደ ማማው አልተመለሰም። ሙቀቱን ተቋቁሞ የወረደው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ አርፎ ቀርቷል። መሐንዲሶቹ ያላቸው ከካሜራና ከሴንሰር የመጣው ምስልና ቁጥር ነው። ብዙ ነው፤ ኮሎምቢያን ያሳረፉት ሰዎች ያልሙት ያልነበረ ያህል ብዙ። ሆኖም ጆን ያንግ በዚያ የካሊፎርኒያ በረሃ እንዳደረገው፣ ከምህዋር በተመለሰ ስታርሺፕ ሥር ቆሞ ሆዱን በዓይኑ ያየ ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም።